አያልነሽ ያልማለችበት ቀን

አያልነሽ በግራ እጇ የመጋረጃውን ጠርዝ ወጥራ ይዛ፣ በቀኟ ማንጠልጠያዎቹን አንድ በአንድ ትሰካለች። በየአራት ጣቱ አንድ። ሜትሩ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ለዚህ ሥራ ግን አታነሳውም። አራት ጣቷን ጨርቁ ላይ ታስተኛለች፣ ትሰካለች፣ ደግሞ ታስተኛለች። ጨርቁ የወይራ ቅጠል የመሰለ ከባድ ጨርቅ ነው፤ እዚያው ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ከሚባለው ሰፈር አዲስ ከተሠራ ፎቅ ለአንድ ሳሎን የታዘዘ። አሥራ ስድስት ሰክታ አሥራ ሰባተኛውን ስታነሳ በሩ ተንኳኳ።

ባርኔጣውን ብብቱ ሥር የያዘ ወጣት ፖሊስ ነበር። "ሆዲ፣ ማማ" አለ፤ ቤቶች ማለቱ ነው። ወረቀት ዘረጋላት። አያልነሽ በከንፈሯ የያዘቻቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ እያወጣች ደረቷ ላይ ሰካቻቸውና ፈረመች። ወረቀቱ ፍርድ ቤት ቀርባ እንድትመሰክር የሚጠራት ነበር። ፖሊሱ ከሄደ በኋላ አሥራ ሰባተኛው ማንጠልጠያ እጇ ውስጥ እንዳለ ቁጭ ብላ ቀረች።

ናይሮቢ ስትገባ የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት ነበረች፤ ይህ ወረቀት በመጣ ጊዜ፣ በፈረንጆቹ 2006፣ ስድሳን አልፋለች። ባሏ በመጡ በሦስተኛው ዓመት ሞተ። ከሰው ግቢ ጓሮ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ መጋረጃ እየሰፋች ኖረች። ደንበኞቿ የኪሌሌሽዋ ነጋዴዎችና ሩንዳ የሚኖሩ የድርጅት ሠራተኞች ናቸው። መስኮት ልትለካ ሰው ቤት ስትገባ፣ "ግድ የለም ግቢ" ቢሏትም ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በካልሲዋ ትገባለች። ድምጿ በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ ሰው የምትለውን ሁለት ጊዜ ያስደግማታል።

ልጅ አልወለደችም፤ የክርስትና ልጅ ግን ነበረቻት። ምግብ ቤት ያላት ጓደኛዋ እታገኘሁ ምርቃትን ስትወልድ ክርስትና ያነሳቻት አያልነሽ ነች። በሰማንያ ቀኗ ሕፃኗን ታቅፋ፣ ወደ ምዕራብ ዞራ ሰይጣንን የካደችላት፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ አምናለሁ ያለችላት እሷ ነች። ሕፃን አይናገርምና ክርስትና እናት ስለ እሱ ትናገራለች። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች "አበልጄ" ነው የሚባባሉት። ምርቃት ደግሞ አያልነሽን "እቴቴ" እያለች፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የጨርቅ ቁርጥራጮች ላይ ተኝታ የቤት ሥራዋን እየሠራች አደገች። አሁን ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ዌስትላንድስ አንድ ማስታወቂያ የሚሠራ ቢሮ ትሠራለች፤ ትንሽ ነጭ መኪናም አላት።

ፍርድ ቤት ያደረሳቸው ነገር የሆነው በሚያዝያ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ካፊያ ነበር። ምርቃት አያልነሽን ከነመጋረጃዋ ሩንዳ ልታደርሳት በዌስትላንድስ በኩል ይዛት ሄደች። ኬንያ ሹፌር የሚቀመጠው በቀኝ፣ መኪናም የሚሄደው በግራ ስለሆነ፣ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ወደ መንገዱ ዳር ይሆናል። አያልነሽ የታጠፈውን መጋረጃ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ ዳር ትመለከት ነበር። ምዌንዴ የምትባል በቆሎ የምትጠብስ ሴት፣ አናቱ የተቆረጠ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ደፍታ እንደ በርጩማ ተቀምጣበት፣ ከሰሏን በካርቶን ታራግባለች። ከአስፋልቱ ጠርዝ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ወጣ ብላ፣ ቀዩ አፈር ላይ ነበረች። የምርቃት ስልክ ጢው አለ። ምርቃት አንገቷን ደፋች። የግራው ጎማ ከአስፋልቱ ወረደ።

ወዲያው ወርደው አነሷት። ምርቃት እያለቀሰች፣ የሴትየዋን ራስ ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ በእሷ ቦታ አንድ መንገደኛ ነድቶ ሆስፒታል አደረሷት፤ ማን እንደነበረ አያልነሽ እንኳ አታስታውስም። ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ምርቃት ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ቃሏን ስትሰጥ፣ ሴትየዋ ድንገት መንገድ ውስጥ ገባችብኝ አለች። ምዌንዴ ደግሞ እኔ ተቀምጬ ነበር ትላለች። ጀሪካኑ በዚያው ቀን ጠፍቷል። መንገድ ገብታለች ከተባለ ጥፋቱ የራሷ ነው፤ ኢንሹራንሱም እግሯ ውስጥ ብረት ለሚገባበት ሁለተኛው ቀዶ ጥገና አይከፍልም። መኪናው ውስጥ የነበረው ሌላ ሰው አያልነሽ ብቻ ነች።

መጥሪያው በመጣ ማግስት እታገኘሁ መጣች። ሳትቀመጥ ነው የጀመረችው።

"አበልጄ፣ ምን አየሽ?"

"ያየሁትን።"

"እሱን አይደለም የምልሽ። ምን አየሁ ልትዪ ነው?"

እታገኘሁ የመቀሱን እጀታ ከፈት ዘጋ እያደረገች፣ ልጅቷ ጊጊሪ ካለ ከአንድ ትልቅ ድርጅት ሥራ እንዳገኘች፣ ከመግባቷ በፊት ግን ከፖሊስ "ጉድ ኮንዳክት" የሚሉትን የመልካም ጠባይ ወረቀት እንደሚጠይቋት፣ ከተፈረደባት ያ ሁሉ እንደሚቀር ነገረቻት። "አባት የሌላት ልጅ ናት። እኔና አንቺ ነን ያሳደግናት። ረሳሁ በይ። በስድሳ ዓመት መርሳት ኃጢአት ነው እንዴ?" አለች። ከዚያ መቀሱን አስቀመጠችው።

በቀጣዩ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ምርቃት ራሷ በመኪናዋ ወደ ቤት ወሰደቻት። አደባባዩ ተዘግቶ መኪናው ሁሉ ቆሞ ነበር።

"እቴቴ፣ ሊስን" አለች ምርቃት። "እኔ ያየሁት ሴትየዋ ስትገባ ነው። አንቺ ሌላ አየሽ። ሳዋ፣ ይሁን። የኔ እውነት የኔ ነው፣ ያንቺም ያንቺ። ሁለታችንም ልክ ልንሆን እንችላለን እኮ።"

"በርጩማውስ?"

"ምን በርጩማ?"

"ጀሪካኑ። የተቀመጠችበት። እሱ አንድ ነው፤ ሁለት ቦታ አይቀመጥም።"

ምርቃት ሳቀች። "ኦ ማይ ጋድ እቴቴ! እኔ ስለ ሕይወቴ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ስለ ጀሪካን!" ከዚያ ሳቋ ቆመ። "ቢሮአችን እንዳንቺ የሚያወራ ሰው የለም። ሁሉም 'ለኔ' ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ለኔ እንዲህ ነው፣ ለኔ እንዲያ ነው። ይሄ ነው እውነቱ ብትይ፣ ማን ነሽ አንቺ ይሉሻል። ጠበቃዬም፣ ፍርድ ቤት የሆነውን አይጠይቅም፣ የተረጋገጠውን ነው አለኝ።"

"ጠበቃሽ ጥሩ ሰው ይመስላል።"

"ጥሩ ነው።"

"አንቺም ጥሩ ልጅ ነሽ። ያን ቀን ቀሚስሽ በደም እስኪርስ ያቀፍሻት አንቺ ነሽ። ያንንም አይቻለሁ።"

ምርቃት ከኋላ ጥሩምባ እስኪነፉባት ድረስ መንገዱ መከፈቱን አላየችም።

መላ ያመጣው አቶ አስቻለው ነው። አቶ አስቻለው የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ፣ አያልነሽ፣ እታገኘሁና እኔ ያለንበት የማርያም ማኅበር መሪ፣ ሙሴያችን፣ ጨዋታ የሚችል ሰው ነው። በወሩ ማኅበር ላይ ጽዋው ከዞረ በኋላ አያልነሽን ጠጋ አላት።

"አያልዬ፣ ሊያስምሉሽ ነው አሉ? መጽሐፍ አስይዘው?"

"እንዲያ ይላሉ፣ ጋሼ።"

"አንቺን! እኔ እንኳ በጨዋታ 'ማርያምን' ስል የምትቆጪኝን! ሃያ ዓመት ሙሉ አፋችንን ያዘጋሽበት ይሄ ነገርሽ ዛሬ ጠቀመሻ!" ሰው ሳቀ። እሱ ግን ቁም ነገሩን ያዘ። "አትማሉ ተብለናል። አልምልም በያቸው። ያልማለ ምስክር ምስክር አይደለም፤ ያሰናብቱሻል። አልዋሸሽ፣ ልጅሽንም አልጎዳሽ። ጌታ ራሱ በር ከፍቶልሻል።"

አያልነሽ መሐላን የምትፈራው እንዲያው አይደለም። አባቷ አንድ ጊዜ የጎረቤት በግ ሰረቅህ ተብለው፣ ማልና ተገላገል ቢባሉ፣ ያልወሰዱትን በግ ከፍለው የወጡ ሰው ነበሩ። ስለዚህ አቶ አስቻለው ያለው ነገር ለሷ ማምለጫ አልመሰላትም፤ የአባቷ መንገድ መሰላት። እታገኘሁ እዚያው ሁሉ ፊት ጉልበቷን ስማ አለቀሰች። አያልነሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል ይወርድላት ጀመር። እንዲያውም ለምርቃት ለአዲሱ ሥራዋ የሚሆን ቀሚስ ጨርቅ መርጣ ነበር።

በጥቅምት አንድ ማክሰኞ ፍርድ ቤት ሄድን። እኔ ከእታገኘሁ ጋር ከኋላ ተቀመጥኩ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የጣሪያው ማራገቢያ አይዞርም፤ ወንበሩ ረጅም አግዳሚ ሆኖ መሐሉ ተሰንጥቋል። ምዌንዴ ከፊት፣ ክራንቿን ከጎኗ አጋድማ ተቀምጣለች። የእሁድ ልብሷን ለብሳለች፤ ቀሚሷ ግን ለእግሯ መጠቅለያ እንዲመች በአንድ ጎኑ ተተርትሯል። አያልነሽ ያንን ስፌት ስታየው አየኋት። በቢላ የተተረተረ እንጂ በመቀስ አልነበረም፤ ክሩ ተንጠልጥሏል።

ዳኛዋ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። የአያልነሽ ስም ተጠራ። ጸሐፊው በፕላስቲክ የተሸፈነ፣ ማዕዘኑ ያለቀ መጽሐፍ ቅዱስ አነሳና ቀኝ እጇን እንድታነሳ ነገራት። አያልነሽ ሁለት እጆቿን ወደ ኋላ አደረገች።

"አልምልም" አለች በስዋሂሊ።

"ጮክ ብለው፣ ማማ።"

"አልምልም።"

"ለምን?" አለች ዳኛዋ።

"አትማሉ ተብለናል።"

የምርቃት ጠበቃ ተነሣ። ምስክሯ ሃይማኖቷ ስለማይፈቅድ ፍርድ ቤቱ ቢያሰናብታት አለ፤ በትሕትና ነው የተናገረው። አያልነሽ ቦርሳዋን አነሳች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ለዳኛዋ እጅ ነስታ ወደ በሩ መሄድ ጀመረች።

"ማማ፣ ወዴት ነው?" አለች ዳኛዋ። "ማን አሰናበተዎት?" ክፍሉ ሳቀ። ምዌንዴ ብቻ አልሳቀችም።

ዳኛዋ ለጸሐፊው ምልክት ሰጠችው። እሱም መሳቢያውን ከፍቶ ቢጫ ካርድ አወጣ። "መጽሐፉን መያዝ ግዴታ አይደለም" አለች ዳኛዋ። "ይሄ አለ። አምላክ የለም ለሚሉ ሰዎች ነው የምንሰጠው፤ መማል ለማይፈልጉም ያገለግላል። እውነቱን እናገራለሁ ብለው ቃል መስጠት ብቻ ነው።"

አያልነሽ ካርዱን ተቀበለች። ከአጠገቤ እታገኘሁ "ኧረ አታንሺው!" ብላ አንሾካሾከች። አያልነሽ ካርዱን ገልበጥ አድርጋ ጀርባውንም አየች።

"እዚህ ላይ እግዚአብሔር የለም?" አለች።

"የለም፣ ማማ። ቃልዎ ብቻ ነው።"

ጸሐፊው እስኪሪብቶውን እየነካካ ጠበቃት። በኋላ ስጠይቃት ያን ጊዜ ምን እንዳሰበች እንዲህ አለችኝ፦ "መሐላውን ስሸሽ ነው የከረምኩት። መሐላውን ሲወስዱልኝ ምን እንደቀረ አየሁ። አዎን ከሆነ አዎን በሉ ነው እኮ የተባልነው፤ አትማሉ ብሎ ዝም በሉ አላለንም። ካርዱ ላይ ስሙ ባይኖር እሱ ከዚያ ክፍል ወጥቶ ይሄዳል?" ይህን ስትል እንኳ ድምጿ ዝቅ ያለ ስለነበር አስደግሜያታለሁ።

ካርዱን አነበበች፤ ጸሐፊው ቃል በቃል ረዳት። ከዚያ ዐቃቤ ሕጉ ይጠይቃት ጀመር።

"ሴትየዋ የት ነበረች?"

"አፈሩ ላይ። ተቀምጣ።"

"ምን ላይ?"

"ቢጫ ጀሪካን ላይ። አናቱ የተቆረጠ።"

"መንገድ ውስጥ ገብታ ነበር?"

"አልገባችም።"

"አልተሰማም፣ ማማ።"

"አልገባችም። ልጅቷ ስልኳን ታይ ነበር።"

"ይድገሙት።"

"ልጄ ስልኳን ታይ ነበር።"

ዳኛዋ ቀና አለች። አያልነሽ "ልጄ" ማለቷን ራሷም የሰማችው አይመስለኝም። ጠበቃው ሊጠይቃት ተነሣ፤ ዕድሜዋን ጠየቀ፣ ዝናብ እንደነበረ አስታወሰ፣ ዓይኗ ደህና ያይ እንደሆነ ጠየቀ። "ቀጭኑን ዘጠኝ ቁጥር መርፌ ያለ መነጽር እሰካለሁ" አለች። ክር መስካት ማለቷ መሆኑን ለማስረዳት ጣቶቿን አጠጋግታ አሳየችው። ጠበቃው ሌላ ጥያቄ ሊጀምር ሲል፣ ከጎኑ የተቀመጠችው ምርቃት የኮቱን እጅጌ ያዘች። "ኢናቶሻ" አለችው፤ ይበቃል ማለቷ ነው። ጠበቃው አያት፣ ወረቀቱን አጥፎ ተቀመጠ።

በሁለት ሳምንቱ ተፈረደ። ምርቃት መቀጮ ከፈለች፣ መንጃ ፈቃዷን ለአንድ ዓመት ያዙባት፣ የጊጊሪውም ሥራ ቀረ። ኢንሹራንሱ የምዌንዴን ቀዶ ጥገና ከፈለ። እታገኘሁ አያልነሽን ማናገር አቆመች፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲገናኙ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ታልፋለች።

ይህም ሳያንስ ሌላ ነገር መጣ። ጸሐፊው ያን ቀን በሞላው ቅጽ ላይ፣ ላልማለ ሰው ሁለት ምክንያት ተጽፏል፤ አንዱ ሃይማኖቱ ስለሚከለክለው፣ ሌላው ሃይማኖት ስለሌለው። እሱ ብዙ ጊዜ በለመደው፣ በሁለተኛው ላይ ነው ምልክት ያደረገው። የወረቀቱ ግልባጭ በጠበቃው በኩል እታገኘሁ እጅ ገባ፤ ከእሷም ወደ አቶ አስቻለው። በማኅበሩ ቀን ከኪሱ አወጣና ለሁሉም አነበበው።

"አያልነሽ። ሥራ፣ መጋረጃ ሰፊ። ሃይማኖት፣ የለም።" ወረቀቱን አጣጠፈው። "እንግዲህ እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ማኅተም አለው።"

ማንም አልሳቀም፤ ማንም ደግሞ አልተቃወመም። እኔም ዝም አልኩ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አያልነሽ በሩ አጠገብ ተቀምጣ፣ ጽዋው መጨረሻ ላይ ሲደርሳት በሁለት እጇ ተቀብላ ጠጣች፣ አመስግና መለሰች።

ቄሱ ጉዳዩን ሲሰሙ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን ትተው ደብዳቤ ጻፉላት። አያልነሽ በቤተ ክርስቲያናችን የታወቀች፣ የምትቆርብ ክርስቲያን መሆኗን የሚገልጽ፣ ክብ ማኅተም ያለበት። "ይህን ለጸሐፊው አሳዪው፤ በአንድ ቀን ያርመዋል። አርሞም የሰጠሽን አምጪና ለማኅበሩ እኔ አነብላቸዋለሁ" አሏት። አያልነሽ ደብዳቤውን በፕላስቲክ ጠቅልላ ሐሙስ ልትወስደው አሰበች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ምርቃት መጣች። መኪናዋን ትታ በማታቱ፣ በሕዝብ ታክሲ ነው የመጣችው፤ ጫማዋ ጭቃ ይዟል። በር ላይ ቆማ ሳትገባ ተናገረች።

"እማዬ መምጣቴን አታውቅም።"

"ግቢ።"

"አሁንም ተቀይሜሻለሁ፣ እቴቴ።"

"አውቃለሁ።"

"በጣም።"

"አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ።"

"ግን ርቦኛል።"

አያልነሽ መጋረጃውን ከጠረጴዛው ላይ ሰብስባ የጾም ሽሮ አቀረበችላት። ምርቃት ብዙ በላች። ስትበላ ቆይታ፣ "ድምፅሽን እያስደገሙ ሲያስጮኹሽ መስማት አቃተኝ" አለች። ሌላ ስለ ፍርድ ቤቱ አላነሳችም። ልትወጣ ስትል ግን እንዲሁ በጨዋታ መሐል፣ ጠበቃው ይግባኝ የሚጠየቅበት ጊዜ ገና እንዳላለፈ፣ ዐቃቤ ሕጉም ቅጣቱ አነሰ ይል እንደነበር፣ መዝገቡን ማንም ሰው ባይነካካው እንደሚሻል እንደነገራት አወራች። ሌላ ሥራ ማመልከቷንም ነገረቻት።

ምርቃት ከሄደች በኋላ አያልነሽ ደብዳቤውን አውጥታ አየችው። አንድ የሃይማኖት መስመር ማረም መዝገብ መነካካት ይሁን አይሁን አላወቀችም፤ ሕግ የሚያውቅ የምትጠይቀው ሰውም አልነበራትም። ከስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ፣ ከክር ጥቅሎቹ ሥር አስቀመጠችው። ሐሙስ ጠዋት ነጠላዋን አልለበሰችም፤ ለአንድ የሩንዳ ደንበኛ የመኝታ ቤት መጋረጃ መቁረጥ ጀመረች። የሚቀጥለውም ሐሙስ አልሄደችም። ያ መዝገብ ዛሬም በፍርድ ቤቱ መደርደሪያ ላይ እንዳለ አለ፤ ደብዳቤውም መሳቢያው ውስጥ ነው።